ውሃውን ማን ያቆየው? የዝናብ ውሃ፣ ይዞታና ጉርብትና በቢቸናና በሞጣ ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። የአውሮፓውያን ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የዝናብ ውሃ ነው። ጉዳዩ በተለምዶ የመሐንዲሱና የግብርና ባለሙያው ድርሻ ሆኖ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ ከሁለቱም ቀድሞ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። በአንድ ሰው ማሳ ወይም ግቢ ላይ የወረደ ዝናብ የማን ነው? የሚያቆየው ማን ነው? ሲያሰናብተውስ በማን ላይ ያሰናብተዋል? በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች በየዘመኑ የተሰጡት መልሶች ከመሬት ሥሪት ታሪክ ጋር የተጋመዱ ናቸው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆነ በልማት ድርጅቶች ዘንድ «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» የሚል ስያሜ ተለምዷል። የዝናብን ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ጠርጎ ከማስወገድ ይልቅ በሣር፣ በዛፍ፣ በእርከን፣ በማስረጊያ ጉድጓድና በኩሬ አማካይነት በወረደበት ስፍራ ማዘግየት፣ ወደ አፈር ማስረግና ለጥቅም ማዋል ማለት ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው በግለሰብ ይዞታ ላይ ስለሆነ የፖሊሲ አውጪዎች ጥያቄ ዘወትር «ባለይዞታውን እንዴት እናበረታታው?» የሚል ነው። የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ወረዳዎች ታሪክ ገበሬው በይዞታው ላይ ውሃ ለማቆየት የተነሣሣው ሁለት ነገሮች ሲሟሉለት ነው፦ መሬቱ ነገም በእጁ እንደሚቆይ ሲተማመን፣ ከበታቹ ካለው ጎረቤቱ ጋርም የውሃው ጉዞ ሲያስማማው። እነዚህ ባልተሟሉበት ጊዜ የተሠራ እርከንም ሆነ ኩሬ ዕድሜው አጭር ነበር።

ምድሩ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ የሚጓዘው በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል በተዘረጋው ደጋ ላይ ነው። የጮቄ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,100 ሜትር ይደርሳል። ከእርሱ የሚነሡት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች ደጋውን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በዚህ ደጋ ላይ ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ተጠቃልሎ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በሐምሌ ከውሃ ብዛት ጋር ታግሎ፣ በመጋቢት ደግሞ ለከብቱ የሚያጠጣው ሊያጣ ይችላል።

አፈሩም አንድ ዓይነት አይደለም። የእነማይ ወረዳ ማእከል በሆነችው በቢቸና ዙሪያ የተንጣለለው ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሲርስ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በጣም በዝግታ ስለሆነ በማሳው ላይ ውሃ ይተኛበታል። ገበሬው ጤፉን የሚዘራው፣ ዝናቡ ሲያባራም በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ የሚያበቅለው ይህን ጠባዩን አውቆ ነው። በሁለት እጁ እነሴ በኩል፣ በሞጣ ዙሪያ፣ ቀይ አፈር ባለባቸው ተዳፋቶች ግን ውሃ በተሻለ ፍጥነት ይሰርጋል፤ በዚያ የሚያሠጋው አፈሩ ታጥቦ ወደ ዓባይ መውረዱ ነው። ይህ ልዩነት በንግግሬ መጨረሻ ላይ ስለሚያስፈልገን በልባችሁ ያዙልኝ።

ፈሰስ፦ ውሃን የማሰናበት ጥበብ

በኢትዮጵያ ታሪክ ውሃን የማቆየት ጥበብ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጡት ደረቅ ወይም ውሃ አጠር የሆኑ ስፍራዎች ናቸው። የደብረ ዳሞ መነኰሳት በአምባው ራስ ላይ ከዐለት ተፈልፍለው በተሠሩ ጉድጓዶች የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዐ ምድርም በድንጋይ እርከኖቹና በኩሬዎቹ ይታወቃል።

የጎጃም ደጋ ገበሬ ግን ሌላ ጥበብ ነበረው። ከዘራ በኋላ በማረሻው በማሳው ላይ አግድም ወደ ጎን ያዘነበለ ቦይ ያወጣል፤ ስሙም ፈሰስ ይባላል። የፈሰስ ተግባር ትርፍ ውሃን ዘሩን ሳይጠርግና ማሳውን ሳያጨቀይ ማስወጣት ነው። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ዕውቀት ይጠይቃል። ቦዩ ዝንባሌው ከበዛ ራሱ ይቦረቦራል፤ ካነሰ ደግሞ ውሃው ሞልቶ ይጥሰዋል። በየዓመቱ እንደ ሰብሉና እንደ አፈሩ ቦታው ይለዋወጣል።

ፈሰስ ለባለማሳው መድኃኒት ቢሆንም ለጎረቤቱ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ማሳዎች የተሰበሰበው ውሃ አንድ ላይ ሲወርድ ጉልበት ያገኛል፤ የታችኛውን ማሳ ይቈርጣል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ ደጋዎች ፈሰስን ያጠኑ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሁለት ገጽታ አረጋግጠዋል፤ በማሳው ውስጥ ያለውን መታጠብ ይቀንሳል፣ ከማሳው ውጭ ያለውን ግን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ የውሃ መውረጃ ጉዳይ ከድንበር መግፋት ጋር በአንድነት በሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ክርክር ሆነ። የዝናብ ውሃ አያያዝ በግል ይዞታ ላይ የሚፈጸም ቢሆንም ከጥንቱም የጉርብትና ጉዳይ ነበረ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሃ አጠቃቀም ራሱን የቻለ ክፍል ማካተቱም ጉዳዩ በዘመናዊ ሕግ ዘንድ ሳይቀር የባለመሬቶች ግንኙነት ሆኖ መታየቱን ያሳያል።

ርስትና ቀላድ

አሁን ወደ ይዞታው እንለፍ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የጎጃም ገበሬ መሬቱን የያዘው በርስት ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1973 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት በመወለድ የሚገኝ የድርሻ መብት ነው። ገበሬው ድርሻ እንዳለው እርግጠኛ ነው፤ የትኛው ማሳ ድርሻው እንደሚሆን ግን በክርክር፣ በሽምግልናና በጉልበት ሚዛን ሊለወጥ ይችላል። አንዳንድ ጸሐፍት ከዚህ በመነሣት ርስት የረጅም ጊዜ የመሬት ልማትን ያዳክማል ብለዋል። በሌላ በኩል መሬት ከአያት የተወረሰና ለልጅ የሚተላለፍ አደራ ነው የሚለው ስሜት ከርስት የመነጨ መሆኑ አይካድም። ሁለቱም ሐሳቦች የእውነት ድርሻ አላቸው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን መንግሥት መሬቱን ሊለካ በመጣ ጊዜ የሆነው ነው።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ተቃውሞው ወደ ግልጽ ዐመፅ ተሸጋገረ። ከዐመፁ ዋና ዋና ማእከሎች መካከል ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ይገኙበታል። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የገበሬ ዐመፆች በጻፈው ሥራ ውስጥ ሰፊ ቦታ የሰጠው ይህ እንቅስቃሴ፣ ከግብሩ መጠን ይልቅ በግብሩ ጀርባ ይመጣል ተብሎ የተፈራውን ነገር የሚቃወም ነበር። ገበሬው የፈራው ቀላድን ነው። መሬት ከተለካ ርስት ይፈርሳል፣ ርስት ከፈረሰ ባለርስቱ ጭሰኛ ይሆናል የሚል ሥጋት ነበረው፤ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ቀላድ ያመጣውን ያውቅ ነበርና ሥጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። መንግሥት ወታደርና የጦር አውሮፕላን ቢያዘምትም በመጨረሻ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሣ፤ ውዝፍ ግብርም ሰረዘ።

ይህን ታሪክ በዝናብ ውሃ ንግግር ውስጥ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በቢቸናና በሞጣ ገበሬ ዘንድ ገመድና መለኪያ ይዞ ወደ ማሳ የሚገባ የመንግሥት ሰው ምን ትርጉም እንዳለው የምንረዳው በዚህ ነው። የእርከን ቀያሹም ገመድና መለኪያ ይዞ ነው የመጣው።

እርከን በትእዛዝ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለደቡቡ ጭሰኛ ነጻነት የሆነው አዋጅ ለጎጃሙ ባለርስት ስሜቱ የተደበላለቀ ነበር። ከዚያ በኋላ መሬት በገበሬ ማኅበር አማካይነት ይደለደላል፤ ቤተሰብ ሲበዛም እንደገና ይሸነሸናል። በዚያው ዘመን፣ በተለይም ከ1966ቱ ረሀብ ወዲህ፣ የአፈር መሸርሸር የአገሪቱ ዋና ችግር ተብሎ ተለየ። በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር አማካይነት፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ፣ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር የአፈርና የድንጋይ እርከን ተሠራ። የሥራው ክብደት ያረፈው እንደ ወሎ ባሉ በድርቅ በተጠቁ አካባቢዎች ላይ ሲሆን አሠራሩ ግን ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገርም ተሻገረ። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ በጎጃም ጭምር የተካሄደው የመንደር ምሥረታም ገበሬውን ከጓሮውና ከግቢው ዛፍ ለየው።

የሆነው ይታወቃል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀና ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በብዙ ስፍራ እርከኖች ፈረሱ፣ የማኅበር ደኖች ተጨፈጨፉ። ያው አለን ሆበን በ1995 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ የዘመኑን የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ተችቷል፤ ፖሊሲው የገበሬውን ዕውቀትና የቦታውን ልዩነት ያላገናዘበ እንደ ነበረ አመልክቷል። የርስትን ሥርዓት ያጠናው ሰው የእርከኑንም ዕጣ መተቸቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ገበሬው በማሳው ላይ ያለውን ሥልጣን የሚመለከቱ ናቸው።

በደረቅ አካባቢ ውሃን አስተኝቶ ለማቆየት የታሰበ ደልዳላ እርከን ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ደጋ ሲሠራ ሌላ ችግር አመጣ። ከእርከኑ በላይ ውሃ ይተኛል፤ ሰብል ይበሰብሳል፤ ውሃው ሞልቶ ሲጥሰው ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ቦረቦር ይከፍታል። ገበሬው እርከኑን ሲያፈርስ ወይም በመካከሉ ፈሰስ ሲያወጣ ባለሙያው «አልገባውም» ይለው ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ሁለት ዕውቀቶች ናቸው የተጋጩት፤ አንዱ ማቆየትን፣ ሌላው ማሰናበትን የሚያውቅ።

አንጀኒ፦ ሁለቱን ያስታረቀ ሙከራ

ሁለቱን ዕውቀቶች ለማስታረቅ የሚረዳ ማስረጃ ከጎጃም ከራሱ ተገኝቷል። የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሥር በ1976 ዓ.ም. በደምበጫ አቅራቢያ የአንጀኒ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ጣቢያው 113 ሄክታር ገደማ ስፋት ባለው የምንጨት ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ የሚወርደውን ውሃና የሚታጠበውን አፈር ለዓመታት መዝግቧል። በዚያው ጊዜ አካባቢ ፋንያጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ፋንያጁ በኬንያ የዳበረ ዘዴ ሲሆን ስሙ በስዋሂሊ ወደ ላይ መወርወርን ያመለክታል፤ ቦዩ ሲቈፈር የሚወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል ይከመራል፣ ከዓመት ዓመትም በክምሩ ጀርባ አፈር እየተጠራቀመ ማሳው ራሱ ወደ ደልዳላ መደብ ይለወጣል።

በዚህ ዝናባማ ስፍራ የተገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። እርከኑ መጠነኛ ዝንባሌ ሊኖረው፣ ትርፉን ውሃ የሚቀበል በሣር የተሸፈነ የጋራ መውረጃ ሊዘጋጅለትም ይገባል። ይህ መውረጃ ደግሞ ብዙ ማሳዎችን አቋርጦ ያልፋል። ማን ከማሳው ላይ ቦታ ይለቅለት? ሣሩን ማን ይጨደው? ሲደለል ማን ይጥረገው? የመሐንዲሱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃና የሽማግሌው ሥራ ይጀምራል።

ከ1989 ሽግሽግ እስከ ይዞታ ደብተር

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ምሥራቅ ጎጃም ሽግሽጉ በብርቱ ከተሰማባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ኃላፊነት የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ተለይተው ይዞታቸው ከ4 ጥማድ ማለትም ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የሽግሽጉን ፍትሐዊነት መመዘን የዛሬው ርእሴ አይደለም። ለርእሴ የሚጠቅመው ከእርሱ የተገኘው ትምህርት ነው፤ ማሳውን ያለማ ሰው ልማቱ ከሽግሽግ እንደማያድነው አየ። በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሊሆን በሚችል መሬት ላይ ድንጋይ የሚክብ፣ ዛፍ የሚተክል፣ ቦይ የሚጠርግ ማን ነው?

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ አቅጣጫው ተለወጠ። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ በተካሄደው የገጠር ልማት ፕሮግራም አማካይነት የይዞታ ምዝገባ በሁለት ቀበሌዎች ተሞከረ፤ አንዷ የጎዛምን ወረዳዋ አዲስና ጉሊት ናት። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ምዝገባው በክልሉ ተስፋፋና ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መቀበል ጀመረ። በመለኪያ ገመድ ምክንያት ያመፀው አካባቢ ልጆች የመሬታቸው ልክ የተጻፈበትን ደብተር በሣጥናቸው ማስቀመጣቸው ታላቅ የታሪክ ለውጥ ነው። ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው አሊና ተክኤ ዓለሙ በ2011 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት የይዞታ ደብተር በአማራ ክልል የገበሬውን መተማመኛ እንዳጠናከረና በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ የሚያውለውን ጉልበትና ገንዘብ እንዳሳደገ አሳይተዋል።

ሕጉም ከዚህ ጋር ተያይዞ ግዴታ ጣለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ30 በመቶ በታች የሆነ መሬት በአፈር ጥበቃና በውሃ ማሰባሰብ ዘዴ እንዲያዝ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደነገገ። በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች መካከል ፍትሐዊ የውሃ አጠቃቀም እንዲኖርም አዘዘ። የፈሰስ ክርክር በአዋጅ ቋንቋ ተመለሰ ማለት ነው።

የኩሬዎቹ ዘመቻ

ይሁን እንጂ መተማመን በተገኘበት በዚያው ዘመን ትእዛዝም ተመልሶ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅ ጋር ተያይዞ እያንዳንዱ ቤተሰብ በይዞታው ላይ ውሃ የሚያቁርበት ኩሬ እንዲኖረው አገራዊ ዘመቻ ተጀመረ። ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው፣ ከሲሚንቶ የተሠሩ፣ አንዳንዴም ምንም ያልተነጠፈባቸው ኩሬዎች በብዛት ተቈፈሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር። አፈጻጸሙ ግን በኮታ ተመራ፤ ወረዳው ለቀበሌው፣ ቀበሌውም ለገበሬው ቍጥር አወረደ። ብዙዎቹ ኩሬዎች ውሃ አሰረጉ ወይም በትነት አጡ፤ ፕላስቲኩ ተቀደደ፤ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ማጠጣት አድካሚ ሆነ፤ ወባ በሚያሠጋበት አካባቢ ትንኝ ረባባቸው፤ ለሕፃናትና ለከብትም አደጋ ሆኑ። ጸንተው የቀሩት ገበሬው ራሱ ቦታውን የመረጣቸው፣ ከጓሮ አትክልት፣ ከጌሾ ወይም ከፍራፍሬ ጋር የተያያዙ፣ ወጪያቸውን የሚመልሱ ናቸው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሕዝባዊ ንቅናቄም በጉልበት መጠኑ ከቀደሙት ሁሉ የላቀ ነው። ብዙ ተራራ አገግሞበታል። ይሁንና በንቅናቄ የተሠራ እርከን በንቅናቄ አይጠገንም፤ በሐምሌ ሌሊት የሚጣሰውን ክትር ሊደርስለት የሚችለው ባለማሳው ብቻ ነው።

ከማሳ ወደ ግቢ

እስካሁን ስለ ገጠሩ ተናገርሁ። ቢቸናና ሞጣ ግን ዛሬ የሚያድጉ ከተሞች ናቸው፤ ያው ታሪክ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየተደገመ ነው። የሣር ክዳን ውሃን አዘግይቶ ያንጠባጥባል፤ ቆርቆሮ ግን የወረደበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ግቢው ሲነጠፍ፣ መንገዱ በኮብልስቶን ሲሸፈን፣ አሸንዳ የሌለው ቤት ውሃውን ወደ ጎረቤት አጥር፣ ጎረቤትም ወደ መንገድ፣ መንገዱም ከከተማው በታች ወዳለው ማሳ ይልከዋል። ከተማው ፈሰሱን በገበሬው ላይ አወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ልጨምር። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 60,000 ሊትር ይወርድበታል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 48,000 ሊትር ይቀራል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዚህ ሒሳብ 42 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሲወርድ ይሞላል፤ ይህም በሐምሌ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም የሞላው ሮቶ ከአንድ ወር ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ ሮቶ ጠቃሚ ቢሆንም ጎርፉን አያቆምም፤ ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ውሃ የት እንደሚሄድ አብሮ ካልታሰበ ጥያቄው ባለበት ይቀራል።

መልሱ በአፈሩ ይለያያል። ቀይ አፈር ባለበት የሞጣ ግቢ ትርፉ ውሃ ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ በተቈፈረና በጠጠር በተሞላ ጉድጓድ፣ ወይም ከዛፍና ከሣር መደብ ሥር ሊሰርግ ይችላል። በቢቸና ዋልካ ላይ ግን ያው ጉድጓድ ሞልቶ ይቀመጣል፤ አፈሩም እያበጠና እየተሰነጠቀ መሠረትና ግድግዳ ይጎዳል። በዚያ የሚሻለው ውሃውን ማጠራቀም፣ የቀረውንም በሣር በተሸፈነ ቀስ ያለ መውረጃ ማሰናበት ነው። ለሁለቱም ከተሞች አንድ ንድፍ ማውረድ በወሎ እርከን የተፈጸመውን መድገም ይሆናል።

ምን ይበረታታ?

በሌላው ዓለም ባለይዞታን ለማበረታታት ልዩ ልዩ መንገዶች ተሞክረዋል። በጀርመን በብዙ ከተሞች ባለቤቱ ውሃ በማያሰርግ ነገር በሸፈነው ስፋት ልክ የዝናብ ውሃ ክፍያ ይከፍላል፤ ሽፋኑን ሲቀንስ ክፍያው ይቀንስለታል። የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ በ2011 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረችው የ25 ዓመት ዕቅድ በተመሳሳይ ሐሳብ አረንጓዴ ሥራዎችን ያስፋፋል። ይህ መንገድ የተስተካከለ የክፍያ ሥርዓትና በውል የተመዘገበ የግል ንብረት ባለበት ይሠራል። እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ፣ ይዞታ የግለሰብ ነው፤ ስለዚህ ማበረታቻውም ከዚሁ ሥርዓት መውጣት አለበት።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 40 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አሁን ልብ በሉ፤ አንድ ገበሬ በአሥር ዓመት ድካም ወደ ደልዳላ መደብ የለወጠው ማሳ ቋሚ መሻሻል ነው። አንዲት እናት በግቢያቸው ያሠሩት የውሃ ማጠራቀሚያና የተከሉት የዋንዛ ጥላም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ደብተሩ የመሬቱን ስፋትና አዋሳኝ እንጂ ይህን ድካም በውል አይናገርም። እርከኑ፣ የሣር መውረጃው፣ ማጠራቀሚያው በይዞታ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ መሬቱ ለሌላ ጥቅም ሲፈለግም በካሣ ስሌት ውስጥ ቢገባ፣ ባለይዞታው ውሃን ለማቆየት ከስብከት የበለጠ ምክንያት ያገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጉርብትናው ነው። ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው የሚያልፍ መውረጃ የላይኛውም የታችኛውም ስምምነት እንዲሰፍርበት፣ ጥገናውም በስም እንዲታወቅ ማድረግ ለዘመናት በሽማግሌ ፊት ሲደረግ የኖረውን በጽሑፍ ማጽናት ነው። ቦታ የለቀቀው ሰው ሣሩን ይጨድ፤ የታችኛው ሰው ደለሉን ይጥረግ። እንዲህ ያለ ውል ከማንኛውም ኮታ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ ተማሪዎችም አንድ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። የወረዳ ፍርድ ቤቶች መዝገቦችና የሽማግሌዎች ትውስታ ስለ ውሃ መውረጃ በተነሡ ክርክሮች የተሞሉ ናቸው። የጎጃምን ዐመፅ በግብርና በአስተዳደር በኩል መርምረነዋል፤ በፈሰስና በቦረቦር በኩል ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀረናል። አንድ መውረጃ በሦስት መንግሥታት ዘመን ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደደፈነው፣ ማን እንደከሰሰበት የተከተለ ተመራማሪ የአካባቢውን የመሬት ታሪክ ከአዋጆቹ ይልቅ ቀርቦ ያየዋል። ለነገው ባለሙያም መለኪያውን ይዞ ወደ ማሳው ከመግባቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባውን ይነግረዋል፦ ይህ መሬት የማን ነው፣ ከበታቹስ ማን አለ?